ወንዝ ዳር የነበረው ሰፈራችን

ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለዳኛው፤

ሰላምታዬ ከዚህ ብርድ አገር ተነሥቶ አንተ ዘንድ እስኪደርስ ሳይቀዘቅዝ አይቀርም፤ አንተ አሙቀህ ተቀበለው። እኔ ደህና ነኝ። አንተስ? ወገብህስ? ያ የማይለቅህ ሳልህስ?

ወሬውን የሰማሁት ከእማዬ ነው። ስደውልላት ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሰችኝም። "ልጃችንን ሾሙት!" አለች።

"ማንን?"

"ስንት ልጅ አለኝ? አንዷ አንቺ ነሽ፤ አንቺን ደግሞ ማን ይሾምሻል!" ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔ የወለደችኝ፣ አንተ የእህቷ ልጅ፤ በዚያ ቤት ግን ማን የማን እንደሆነ ለይታ አታውቅም።

የከተማው የመኖሪያ ሰፈሮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ! ስሙ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ያን ዕለት እኔ በቲያትር ቤቱ የልብስ ስፌት ክፍል ቁጭ ብዬ የአንድ ንጉሥ ካባ እዘመዝም ነበር። ለባልደረቦቼ "ይኸኛው የውሸት ንጉሥ ነው፤ የእውነቱ ሹም ወንድሜ ነው" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ መርፌዬ እየሮጠ እኔ በሐሳብ ድሮ ላይ ነኝ።

ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ሆነህ ጡረታ ትከፍል የነበረበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? እኚያ ባቡር ነጂ የነበሩ ሽማግሌ በቀናቸው ሳይመጡ ቀሩ። ሌላ ሰው ቢሆን "ተረኛ!" ብሎ ያልፍ ነበር። አንተ ቤታቸውን አፈላልገህ ሄድክ፤ ወለል ላይ ወድቀው አገኘሃቸው። ከዚያ ሾርባ ማመላለስ ጀመርክ። አንዱ ሽማግሌ ሌላውን እየጠራ በዙብህ፤ በመጨረሻ እማዬ "ከምትንከራተት እዚሁ ሰብስባቸው" ብላ ጓዳውን ለቀቀችልህ። ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ጽሕፈት ቤትህ ሆነ። ምልክቱን ራስህ ጻፍከውና ቦታ አጠረህ፤ "የአረጋውያን ደጋፊ ማኅበ" ብሎ ቀረ። እማዬ ደግሞ ሳትጠየቅ የሽማግሌዎቹን ሱሪ ታሳጥር ነበር። "ሰው ሲያረጅ ያጥራል፤ ሱሪው ግን አብሮት አያጥርም" ትል ነበር።

ያ ጓዳ ነው እንግዲህ በየከተማው ቅርንጫፍ ያወጣው። ስንቱን ዓመት መራኸው! አሁን ደግሞ የመንግሥት ወንበር። ዳኛው ብለን ያወጣንልህ ስም ያዘ ማለት ነው። ብይ ስንጫወት አንተ ዳር ቆመህ ትፈርድ ነበር፤ ለእኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልፈረድክልኝም። አልረሳሁም!

እማዬ ስለ ራሷ የምትነግረኝ "ደህና ነኝ" ብቻ ነው። አንተ በደንብ ጻፍልኝ። ስለ ቤቱም ጻፍልኝ። ቤቱን አደራ።

ሥራህን ፈጣሪ ያቅናልህ። ጠላትህን እንቅልፍ ይውሰደው።

እህትህ ችኩሌ

―――

ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለችኩሌ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ከነፖስታው ኪሴ ውስጥ ሲዞር ሰነበተ። ሰላምታሽ አልቀዘቀዘም። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ ሹመቱን አልሰማም መሰለኝ እንደ ድሮው ያስቸግረኛል።

የምለቀው ቀን ማኅበሩ ግቢ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ ጠበቀኝ። ያሳደግኋት ነርስ፣ ያቺ ድምጿ የማይሰማው ቀጭን ልጅ፣ በቦታዬ ተተካች። ቁልፉን ሰጠኋት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ልጄ፣ ትልቅ ሰው ሆንክ አሉ። አይዞህ፣ ያልፋል" አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን መኪና ውስጥ ገብቼ ነው የሳቅሁት፤ ሳቅ ከሆነ።

አዲሱ ቢሮዬ ሰፊ ነው። ጠረጴዛው ከመስፋቱ የተነሣ እንግዳ ሲጨብጠኝ ሁለታችንም እንደ ዋናተኛ እንንጠራራለን። ጥግ ላይ ለምለም ተክል አለ። በመጀመሪያው ሳምንት በየጠዋቱ ውሃ ሳጠጣው ጸሐፊዋ አየት አድርጋኝ ታልፋለች። በመጨረሻ "ጌታዬ፣ እሱ እኮ ፕላስቲክ ነው" አለችኝ።

እናትሽን፣ እትዬን፣ በቢሮው መኪና ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ቆማ መኪናውን ከጎማ እስከ ጣራ ተመለከተችው። "ይኸ የማን ነው?" አለች።

"የመሥሪያ ቤቱ ነው።"

"እንግዲያው የሕዝብ ነው። እግሬ ግን የራሴ ነው" ብላ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ቀድማኝ ሄደች። ሾፌሩ ከኋላችን ቀስ እያለ እንደ ቀብር አጀበን። ሐኪሙ ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ነች ብሏል።

ስለ ቤቱ ጠይቀሽኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ብርሃኑ እንደ ድሮው መጀመሪያ የስፌት መኪናው ጎማ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ወለሉ አሁንም ቁርጥራጭ ክር ነው። ካልሲያችን ላይ የተጣበቀ ክር ይዘን ትምህርት ቤት ስንሄድ "የሰፊዋ ልጆች፣ ጅራታችሁ ረዘመ" እያሉ ሲያበሽቁን ትዝ አለኝ። የግድግዳው ልስን ከጓዳው በኩል ተሰንጥቋል። ወንዙ ከመስኮቱ በታች ሲሄድ ይሰማል። ሁሉንም እንዳለ ልነግርሽ ፈልጌ ነው።

መሐንዲሶች የወንዙን ዳር እያጠኑ ነው። እኔ ሳልሾም የተጀመረ የቆየ ጉዳይ ነው።

መንገድሽ ሁሉ የቀና ይሁን። ብርዱን ቻል አድርጊው።

ወንድምሽ ዳኛው

―――

ኅዳር 27 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ ልልህ ብዕር አነሣሁ፤ ግን ደህና አይደለሁም።

መጨረሻ ላይ ስለ መሐንዲሶቹ የወረወርካትን ነገር ሳነብ ምንም አልመሰለኝም ነበር። ትናንት የሰፈራችን ጸጉር ቆራጭ ደወለልኝ። ከሱቁ ጀምሮ እስከ ድልድዩ ድረስ ያለው በር ሁሉ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል አለኝ። "የእናትሽም በር ላይ አለ" አለኝ። ወዲያው ለእማዬ ደወልኩ። "ልጆች ናቸው የቀቡት፤ ዝናብ ያጥበዋል" ብላ ወሬ ቀየረችብኝ። እሷ ወሬ ስትቀይር ምን ማለት እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን።

ችኩሌ ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ በከንቱ አይደለም፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እያላችሁ ስትስቁብኝ ነው ያደግሁት። ዛሬም ልቸኩል፦ ቤታችን ሊፈርስ ነው ወይ? አዎ ወይም አይደለም በለኝ።

ደብዳቤህን መልሼ አነበብኩት። መስኮቱ፣ ብርሃኑ፣ ወለሉ፣ ክሩ። ደስ ብሎኝ ነበር የተቀበልኩት። አሁን ሳየው ግን ስለ ሟች የጻፍክ ነው የሚመስለው።

ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ

―――

የካቲት 14 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለችኩሌ፤

ቶሎ መልስልኝ ብለሽ ወራት አለፉ። ሰላምታ የማቀርብበት ፊት የለኝም፤ ቢሆንም ጤናሽን እመኛለሁ። ወረቀቱን አውጥቼ "ይድረስ" ብዬ ጽፌ መልሼ መሳቢያ ውስጥ የከተትኩበት ቀን ብዙ ነው።

አዎ። ሊፈርስ ነው። ከመቶ ከሚበልጡት ቤቶች አንዱ እሱ ነው።

ጥናቱ ሲቀርብልኝ እኔም አላመንኩም ነበር። መሐንዲሷ "ከላይ ሆነው አይታይም፤ ይምጡ" ብላ በጀልባ ከሥር ወሰደችኝ። ሰፈራችንን በዚያ በኩል አይተነው አናውቅም። ወንዙ ከሥር እየበላ ገብቶ፣ የጸጉር ቆራጩ ግቢ ዛፍ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ቀና ብዬ ሳይ ከአፈሩ መሐል የድሮ የጡብ ጫፍ ወጥቶ አየሁ። "ይኸ የማን ቤት ነው?" አልኳት። ወረቀቷን አየችና ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹን የሰበሰብኩበት ጓዳ ነው። ከሥሩ ምንም የለም፤ ባዶ ነው።

ምክትሌ ብልጥ ሰው ነው። በሩን ዘግቶ "ጌታዬ፣ መስመሩን እዚህ ጋ ትንሽ ብናጥፈው የአክስትዎ ቤት ይወጣል። ማንም አይጠይቅም" አለኝ። ካርታውን ሳየው ቆየሁ። ጣቴን አስቀምጬበት ነበር፤ አልዋሽሽም። "ውሃውስ አብሮ ይታጠፋል?" አልኩት። ካርታውን ጠቅልሎ ወጣ።

እትዬ አታነጋግረኝም። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። በሩን ትከፍትልኛለች፣ ሻይ ትቀዳልኛለች፣ ወንበር ትስብልኛለች፤ ቃል ግን የለም። ክር ሲያልቅባት መርፌውንና ክሩን በዝምታ ታቀብለኛለች። አስገብቼ እመልስላታለሁ። ያን ያህል ነው ንግግራችን። ወጥቼ ስሄድ መኪናዋ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ከበፊቱ ይፈጥናል።

ምን ልበልሽ? ቤቱን አደራ ብለሽኝ ነበር። አደራውን በዚህ መልክ እጠብቃለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ወንድምሽ ዳኛው

―――

የካቲት 30 ቀን

ለክቡር የከተማው የመኖሪያ ሰፈሮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጤናዎ እንደምን ነው? እኔ ስለ ጤናዬ ለባለሥልጣን የምነግረው የለኝም።

የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ትርጉሙ አሁን ገባኝ። የባቡር ነጂውን ሽማግሌ ከወለል ላይ ያነሡ እጆች ያሳደገቻቸውን ሴት ከቤቷ ያወጣሉ ብዬ አልገመትኩም ነበር። ድሮም ለእኔ ፈርደው አያውቁም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። እኔ እስክመጣ ድረስ ቤቱ ይቆይ። ለምን እንደምመጣ አይጠይቁኝ። ይቆይልኝ ብቻ።

የሰፊዋ ልጅ

―――

ሚያዝያ 11 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

"እርስዎ" ብለሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ አነበብኩ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው እርስዎ ብሎኛል፤ እንዳንቺ ያሳመመኝ ግን የለም። አንቺ ብትቆጪም እኔ ሰላምታዬን አልነፍግሽም፤ እንደምን ከረምሽ?

እስክትመጪ ይቆይ ብለሻል። ዝናቡን ማቆየት ብችል አቆየዋለሁ። አልችልም። ለምን እንደምትመጪ አትጠይቀኝ ስላልሽ አልጠየቅሁም፤ ግን ሐሳቡ ከራሴ አልወጣም።

ያለፈው ሳምንት የሰፈሩን ሰው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰብን። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ትልልቁ ሰው ሁሉ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ተናገርኩ፣ ካርታ አሳየሁ፤ ጩኸቱ ጨመረ። ጸጉር ቆራጩ "እኔ እዚያ ወንበር ላይ የሦስት ትውልድ ጸጉር ቆርጫለሁ፤ አሁን የማላውቀው ቦታ ሄጄ የማንን ጸጉር ልቁረጥ?" አለ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ከዚያ ከኋላ በኩል እትዬ ተነሣች። ድምጿን ከሰማሁ ወራት አልፎኝ ነበር።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች። "ይኸ ቤት አደገኛ የሆነው አንተ ስትሾም ነው ወይስ ስታድግበትም አደገኛ ነበር?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን ዓይኗን አየሁት።

"ያኔም አደገኛ ነበር፣ እትዬ። ያኔ ግን ውጡ የሚለን አልነበረም" አልኳት።

የሳቁት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ያኔ የሆነውን አንቺ ረስተሽው ይሆናል፤ ገና በእግርሽ መሄድሽ ነበር። በእኛ ልጅነት ወንዙ ሞልቶ ገባ። ጎረቤታችን ጫማ ሰሪው ደረሰልን። አንቺን በትከሻው፣ እኔን በብብቱ ይዞ ጣራ ላይ አወጣን፤ እትዬንም ስቦ አወጣት። ከዚያ "መጣሁ" ብሎ ሚስቱ የቀረችበት ቤት ገባ። እሷ በኋላ በር ወጥታ ነበር፤ እሱ አላወቀም። አልተመለሰም። እትዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እሱ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። እኔም። አንቺም ጠይቀሽን አታውቂም።

እትዬ እንደቆመች ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ "እሺ። ካወጣህ ግን እንደ ሰው አውጣን። እንደ ጎመን ዘር እዚህም እዚያም አትበትነን። መንገዱ ከነሰዉ ይሂድ። ግድግዳዬ ያለ እሷ ሳል እንቅልፍ አይወስደውም" ብላ ወደ ጎረቤቷ ጠቆመች። "ደረጃ መውጣት የማይችል ታች ይሁን። በየቤቱ ደግሞ የጠዋት ብርሃን የሚገባበት መስኮት ይኑር።"

"ያለሽውን ሁሉ አደርጋለሁ" አልኳት።

"ለእኔ አይደለም ያልኩህ" ብላ ተቀመጠች።

ትልቁ ችግር ግን ከዚህ በኋላ መጣ። ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። አንቺ ባትጽፊም እኔ እጽፋለሁ።

ወንድምሽ

―――

ሰኔ 9 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለችኩሌ፤

መልስ የለሽም። ጤና ብቻ ሁኚልኝ፤ ኩርፊያሽ ይቆየኝ።

ችግሩ እንዲህ ነበር። የከተማው ምክር ቤት አዲሶቹን ቤቶች በዕጣ ለማደል ወስኗል፤ ፈጣን ነው፣ ከሐሜትም ያድናል። እኔ መንገዱ ከነሰዉ ይሂድ አልኩ። ከንቲባው አስጠሩኝ።

"ሰው ቤት ካገኘ ጎረቤት ያፈራል" አሉኝ።

"ወጣት ከሆነ ያፈራል፣ ጌታዬ። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ግን ወድቆ ቢቀር ማን እንደሚያንኳኳ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይህንኑ ነው።"

"ይኸ ማኅበር አይደለም፤ መንግሥት ነው።"

"ማኅበሩ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎች ናቸው እኮ እዚህም ያሉት።"

ከንቲባው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እንዳልከው ይሁን፤ ሰፈሩ ዝናቡ ሳይጥል ይለቀቅ። ብታዘገየው ግን ኃላፊነቱ ያንተ ነው፤ የግልህ" አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ምክትሌን አገኘሁት፤ እንደ ለቀስተኛ ጨበጠኝ።

አንድ ወር ሙሉ ማን ከማን አጠገብ እንደሚኖር ስናስማማ ከረምን። ዓመት ሙሉ የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች ለየብቻ እየመጡ "ከሱ ጋር እንዳታጠጋኝ" ብለው፣ በመጨረሻ ሁለቱም ተመልሰው "በጣምም አታርቀን" አሉኝ።

ትናንት የመጨረሻዎቹ ወጡ። እትዬ ከሁሉ በኋላ ነች። ባዶውን ቤት ጠራርጋ፣ ቁርጥራጩን ክር ሰብስባ፣ ቆሻሻውን አውጥታ ደፋች። "ለሚፈርስ ቤት ምን ይጠረጋል?" አላት አንዱ ጫኝ። "ቤት ሲወጡ እንጂ ሲፈርስ አይጠረግም" አለችው። የስፌት መኪናውን አራት ሆነን ስናነሣ ወለሉ ላይ የእግሩ ምልክት ታትሞ ቀረ፤ ያን ያህል ዘመን አንድ ቦታ ቆሞ ነበር። ጭነት መኪናው ላይ ስትወጣ እጇን ያዝኳት። አልነጠቀችኝም።

"ሳልህ አልለቀቀህም?" አለች።

ከወራት በኋላ ለእኔ ለብቻዬ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይኸ ነው።

ቤቱ ዛሬ ፈረሰ። አልሄድኩም፤ አቅም አጣሁ።

ወንድምሽ

―――

ነሐሴ 3 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

አጭር ነው የምጽፍልሽ፤ ሰላምታው ከዝናቡ ጋር ይድረስሽ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የወንዙ ዳር ተደረመሰ። ከጸጉር ቆራጩ ሱቅ ጀምሮ እስከ ድልድዩ አፋፍ፣ መንገዱ ከነዛፉ ገባ። ድልድዩ ላይ ቆሜ አየሁት። ድምፁ ሰምቼው የማውቀውን ምንም ነገር አይመስልም፤ ትልቅ ሰው በረጅሙ ተንፍሶ የተቀመጠ ይመስላል። ከዚያ ቦታው ውሃ ሆነ። ብይ የተጫወትንበት፣ ካልሲያችንን ያሰጣንበት፣ ምልክቱን የሰቀልኩበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ውሃ ነው አሁን።

ማንም አልሞተም።

ይህንን ለሆነ ሰው ጮኼ መንገር ፈልጌ ነበርና ለአንቺ ጻፍኩልሽ። ማንም አልሞተም፣ ችኩሌ።

ጋዜጣው በማግሥቱ የጻፈው አዲሱ ሰፈር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ነው። እውነቱን ነው፤ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ዝውውሩን እስካስማማ የቧንቧው ሥራ ዘገየ። ስላልሞተ ሰው ደግሞ ማን ይጽፋል? ኃላፊነቱ የግልህ ተብዬ ነበርና አርብ ዕለት ከሥራ ተሰናበትኩ። ጸሐፊዋ እስከ በር ሸኘችኝ። "ጌታዬ፣ ያንን ተክል ይወስዱታል?" አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን።

እትዬ ደህና ነች። በዚህ ነገር አትጨነቂ።

ወንድምሽ

―――

መስከረም 25 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለዳኛው፤

እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ ነው የጀመርኩት። እንደምን ነህ? እኔ ከወራት በኋላ ዛሬ ገና ደህና ነኝ ማለት እችላለሁ።

እማዬ ደወለችልኝ። እሷ መደወል ትጠላለች፤ ታውቃለህ፣ ስልክ የሚደወልላት እንጂ የምትደውልበት አይመስላትም። "ጫማ ሰሪው አውጥቶን ነበር" አለች። ስለ እሱ ስታነሣ በዕድሜዬ የሰማሁት የመጀመሪያ ነው። ትንሽ ቆይታ "አሁን ደግሞ ልጃችን አወጣን" አለችና ዘጋችው። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ የቲያትር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው እያየኝ ያልፋል፤ ምናልባት የትወና ልምምድ መሰላቸው።

ለምን እንደምመጣ አትጠይቀኝ ብዬህ ነበር። አልጠየቅከኝም፤ እኔ ልንገርህ። ባለፈው ጥር የስፌት ክፍላችን እንደሚዘጋ ነገሩን። ልብስ አሁን ተሠርቶ ከውጭ ነው የሚመጣው። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ለአንተም። በልቤ ሻንጣዬን አስሬ ነበር፦ እሄዳለሁ፣ ያ መስኮት ሥር ከእማዬ ጎን ሌላ መኪና አቆማለሁ፣ ብርሃኑ ጠዋት ጠዋት በሁለታችንም ላይ ይወርዳል። እዚህ ስኖር ስንት ክፍል ተከራይቻለሁ! ሁሉም ውስጥ እንግዳ ነበርኩ፤ አይከፋኝም ነበር፤ የእኔ ያልኩት ደጃፍ እዚያ አለ እል ነበርና። አንተ ያፈረስክብኝ መስሎኝ ነበር። ለካስ እኔ ስመለስበት ሊናድ የነበረው ቤት ነው።

ክፍሉ ግን ትናንት ተዘጋ። የንጉሡን ካባ ጠቅልለን ሣጥን ውስጥ ከተትነው።

አሁን ልጠይቅህ። እዚያ አዲሱ ሰፈር ሰፊ ያስፈልጋል? እማዬ ደንበኛዬ በዝቷል፣ ዓይኔ አልደርስ አለኝ ትላለች፤ ግን እኔን ለማስመጣት የምትለው እንዳይሆን ሠጋሁ። አንተስ ምን እየሠራህ ነው? ስለ ራስህ አንድም አልጻፍክልኝም። ቤትህ ተቀምጠህ ጣራ ስታይ እንዳትገኝ!

በጻፍኩት በዚያ "እርስዎ" እንዳትቀየመኝ። ደግመህ አትሰማውም።

አንተን የሰጠን ፈጣሪ አይለየን።

እህትህ ችኩሌ

―――

ኅዳር 6 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለችኩሌ፤

ደብዳቤሽን ለእትዬ አነበብኩላት። "እንግዲያው ለምን ትጽፋለች፣ አትመጣም?" አለች። ሰላምታዋ ይኸ ነው፤ በእኔ በኩል ደግሞ ከልብ የመነጨ ናፍቆት ጨምሪበት።

ሰፊ ያስፈልጋል ወይ ላልሽው፦ ደንበኛው እውነት ነው። ሰው ሁሉ መጋረጃ አማረው፤ መስኮቱ አዲስ ነዋ። ጸጉር ቆራጩ ሱቁን ከእትዬ ቤት ጎን ከፍቶ ወረፋ የሚጠብቁትን ወደ እሷ ይልካቸዋል፤ ጸጉራቸውን ተቆርጠው ሱሪያቸውን አሳጥረው ይሄዳሉ። ሁለቱ የተኳረፉ ወንድማማቾች አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው፤ ግን አንደኛው ሲታመም ሌላው በግድግዳው በኩል ይሰድበዋል፣ መኖሩን ለማረጋገጥ።

እኔ ጣራ ሳይ አልተገኘሁም። ማኅበሩ ተመለስኩ። ነርሷ አሁን ዋና ሥራ አስኪያጅ ነች። ሥራ ልለምናት ስሄድ በቁም ነገር ወንበር ሰጥታ፣ "ምን ሥራ ይችላሉ?" አለችኝ።

"ሾርባ ማድረስ እችላለሁ" አልኳት።

"ልምድ አለዎት?"

"ትንሽ።"

ሳቋ አመለጣት። አዲሱ ሰፈር ውስጥ ለብቻቸው የሚኖሩ አረጋውያንን እንድዞር መደበችኝ። ሳረፍድ ትቆጣኛለች፤ ጥሩ አሳድጌያታለሁ። ስንት ዓመት ደብዳቤ ፈርሜ፣ ስብሰባ መርቼ፣ በስንት አገር ስለ አረጋውያን ንግግር አድርጌ ስመለስ ያገኘሁት ያንኑ የመጀመሪያውን ሥራ ነው፦ ማንኳኳት፣ ድምፅ መጠበቅ፣ "ማነው?" ሲሉ ደስ መሰኘት።

ቅዳሜ ዕለት ግን በዝርዝሬ ላይ ያልነበረ በር አጋጠመኝ። ከላይኛው መንገድ ስመለስ ዝናቡ በድንገት ወረደ። የአንድ ቤት ጣራ ሥር ተጠግቼ ቆምኩ። በሩ ተከፈተና በከዘራ የቆሙ እናት ብቅ አሉ። ፊታቸውን ለየሁት፤ ከድልድዩ ጥግ ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሲያለቅሱ አይቻቸው ነበር። ከእግር እስከ ራስ ተመለከቱኝ።

"ቤቴን ያስፈረስከው አንተ አይደለህም?" አሉኝ።

"ነኝ፣ እማማ።"

ዝናቡን አዩ፤ መልሰው እኔን አዩ።

"ታዲያ ምን ውጭ ያቆምሃል? ዝናቡ እኮ እየመታህ ነው። ግባ" አሉኝ።

ገባሁ።

ወንድምሽ ዳኛው